ከውሻ ጋር በአርቪ ወደ ገልፍ ኮስት፦ መጀመሪያ መብራቱን አስተካክሉ

ሂውስተን፣ ዳላስ ወይም አትላንታ ላላችሁ ገልፍ ኮስት፣ ማለትም የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አርቪ፣ ማለትም መኝታና ማዕድ ቤት ያለው የጉዞ መኪና፣ ተከራይቶ ቤተሰብን ጭኖ መሄድ አሁን አሁን ብርቅ አይደለም። ውሻ ሲጨመርበት ግን ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ተማርሮ ይመለሳል። ባሰ ሲል ደግሞ ውሻውን ተሸክሞ ድንገተኛ ክሊኒክ ይገባል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሳል። ሰው ጉዞውን ሲያቅድ ባሕሩን እያየ ያቅዳል። ውሻ ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት መብራቱን ይሁን። አርቪ ኤሲው እስከሠራ ድረስ ቤት ነው። ኤሲው ሲቆም ፀሐይ ላይ የተተወ ቆርቆሮ ነው። ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ሂዱ። ጁላይና ኦገስትን ከቻላችሁ እርሷቸው። በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ራሱ ከ80 ዲግሪ ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) ላይወርድ ይችላል። ዋናው ጠላት ግን ወበቁ ነው። ውሻ እንደኛ በላብ አይበርድለትም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ማለክለኩ ድካም ብቻ ይሆንበታል።

ቀላል ስሌት አለ። የቀኑን ሙቀት በፋራናይት ውሰዱና የእርጥበቱን ፐርሰንት ደምሩበት። ድምሩ ከ150 ካለፈ ውሻውን አታሩጡት። ሙቀቱ 82፣ እርጥበቱ 75 ከሆነ 157 ነው። በገልፍ ዳርቻ ይህ ተራ የሰመር ጠዋት ነው።

አፍንጫቸው አጭር የሆኑትን፣ እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉትን፣ በሰመር ጭራሽ አትውሰዱ። ዘመድ ጋ ተዉአቸው።

"ልጆቹ ዕረፍት የሚወጡት በሰመር ነው" የሚል ካለ፣ የስፕሪንግ ብሬክ ወይም የታንክስጊቪንግ ሳምንትም ዕረፍት ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ

ድረ ገጽ ላይ "ውሻ ይፈቀዳል" የሚለውን አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። አርቪው በሚቆምበት ካምፕ ውስጥ ይፈቀዳል ማለት ባሕሩ ላይ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ።

1. መብራቱ ስንት አምፔር ነው? 30 አምፔር ማለት እስከ 3,600 ዋት ነው። 50 አምፔር ማለት በሁለት መስመር እስከ 12,000 ዋት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አርቪያችሁ ሁለት ኤሲ ካለው 50 ያስፈልጋችኋል።

2. ከሰዓት በኋላ ጥላ አለው? ባሕሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ፎቶው ያምራል፤ ዛፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። እኔ ብሆን ሁለት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ገብቼ ከዋርካ የማይተናነስ የኦክ ዛፍ ሥር ብይዝ እመርጣለሁ። ባሕሩ የትም አይሄድም።

3. ውሻውን አርቪ ውስጥ ብቻውን መተው ይቻላል? የፍሎሪዳ ስቴት ፓርኮች ከ30 ደቂቃ በላይ ያለ ጠባቂ እንዲተው አይፈቅዱም። ሌላውም ቦታ የራሱ ሕግ አለው።

4. የዝርያና የቁጥር ገደብ አለ? አንዳንድ የግል ካምፖች ፒትቡልና ሮትዋይለር አያስገቡም። በር ላይ ደርሶ መመለስ አለ።

5. ባሕሩ ላይስ? በፍሎሪዳ ስቴት ፓርኮች ውሻ ካምፑ ውስጥ ቢፈቀድም አሸዋው ላይ በአብዛኛው አይፈቀድም። በአላባማ የገልፍ ሾርስና የኦሬንጅ ቢች ሕዝባዊ ዳርቻዎችም በአብዛኛው አያስገቡም። ፔንሳኮላ ቢች ለውሻ የተለዩ ቦታዎች አሉት። ቴክሳስ ላላ ይላል፤ ጋልቬስተን፣ ማስታንግ አይላንድና ፓድሬ አይላንድ ላይ በገመድ እስከታሰረ ድረስ አሸዋው ላይ መሄድ ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ማስታንግ አይላንድ ስቴት ፓርክን ልጠቁማችሁ። መብራትና ውሃ ያላቸው 48 ቦታዎች አሉት። ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ፓድሬ አይላንድ ናሽናል ሲሾር ውስጥ ያለው ማላኪት ካምፕ እጅግ ያምራል፤ መብራት ግን የለውም። ከውሻ ጋር እሱን ለክረምት ተዉት። ክረምት ስል የዚያኑ አገር ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው።

ቶሎ ያዙ። የቴክሳስ ስቴት ፓርኮች ቦታ ከአምስት ወር በፊት ይከፈታል። ፍሎሪዳ ለነዋሪዎቿ ከ11 ወር፣ ለሌላው ከ10 ወር በፊት ትከፍታለች።

ደረጃ 3፦ ከመውጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት

- የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ። ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። መግቢያ ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።
- የልብ ትል ምርመራ አስደርጉና መከላከያውን አስጀምሩ። ትሉ የሚተላለፈው በትንኝ ንክሻ ነው፤ ገልፍ ዳርቻ ደግሞ በአሜሪካ በጣም ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሳያስመረምሩ ከሌላ ሰው ተቀብሎ መድኃኒት መስጠት አደጋ አለው።
- የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ ስጡት።
- የሌፕቶስፓይሮሲስ፣ ማለትም በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው በሽታ፣ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ውሃ የሚያቁርበት አገር ስለሆነ ነው።
- የአንገት ታጉ ላይ ያለው ስልክ አሁን የምትይዙት መሆኑን አረጋግጡ። ማይክሮቺፕ ካለውም እንዲሁ።

ካምፑ አጠገብ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ድንገተኛ ክሊኒክ የት እንዳለ አሁኑኑ ፈልጉ። አድራሻውን ወረቀት ላይ ጻፉት። ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ጉግል አያድናችሁም።

ደረጃ 4፦ የምትይዙት

ምግቡንና ገመዱን እንደማትረሱ አውቃለሁ። ሰው የሚረሳው ይኼን ነው።

- በሲም ካርድ የሚሠራ፣ የራሱ ባትሪ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ። በዋይፋይ የሚሠራውን አትግዙ። መብራት ሲጠፋ የካምፑ ዋይፋይም አብሮ ይጠፋል። መቆጣጠሪያው የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ያኔ ነው።
- ቮልት የሚያሳይ የመብራት መከላከያ፣ ኢኤምኤስ የሚባለው። ለአርቪያችሁ የሚሆነውን፣ ባለ 30 ወይም ባለ 50፣ አይታችሁ ግዙ።
- ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ቮልት መለኪያ። ርካሽ ነው።
- የፊንጢጣ ቴርሞሜትርና ቫዝሊን። ለውሻው ብቻ የሚሆን።
- ባለ 6 ጫማ ገመድ። የሚረዝምና የሚያጥረው ዓይነት በብዙ ፓርኮች አይፈቀድም።
- የመጠጥ ውሃ በጀሪካን። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተራ ቀን 1.2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። እዚያ እጥፉን አስቡ።
- ወረንጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ

1. ውሻውን ከኋላ ልቅ አትተዉት። የታሰረ የጉዞ ሳጥን ውስጥ አስገቡት ወይም በደረት ማሰሪያ ከመቀመጫ ቀበቶ ጋር እሰሩት። ጭን ላይ አይሆንም።
2. የሾፌሩ ኤሲ ከኋላ እንደማይደርስ እወቁ። እናንተ ፊት ላይ እየበረዳችሁ እሱ ከኋላ ይቀቀላል። ጀነሬተር ካለ አስነሱና የጣሪያውን ኤሲ ክፈቱ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ግን አስቀድማችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ።
3. በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። በር ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ያዙ። የሚጠፋ ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ነዳጅ ማደያ ላይ ነው።
4. ምግብ ቤት ስትገቡ ተራ ግቡ። ተራ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ 20 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይጨምራል። መስኮት ትንሽ መክፈት ለውጥ አያመጣም።

ደረጃ 6፦ መብራቱን መሰካት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደርሶ፣ ደክሞት፣ ልጆች እየጮሁ፣ ገመዱን ይሰካና ወደ ባሕሩ ይሮጣል። አትቸኩሉ። ውሻውን ከአንድ ሰው ጋር ጥላ ሥር አስቀምጡና እንዲህ አድርጉ።

1. የካምፑ መብራት ሳጥን ላይ ያለውን ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን ማጥፊያ፣ አጥፉ።
2. ሶኬቱን እዩ። ጠቁሯል? ቀልጧል? አረንጓዴ ዝገት ይዟል? የባሕር ጨው ብረት ይበላል። እንዲህ ከሆነ አትሰኩ። ቢሮ ሄዳችሁ ቦታ አስለውጡ። "ምንም አይል" አትበሉ።
3. መከላከያውን ብቻውን ሰኩ። ብሬከሩን አብሩና ቁጥሩን አንብቡ። 115 እስከ 125 ቮልት ጥሩ ነው። የስሕተት መብራት ካሳየ አጥፉና ነቅላችሁ ቦታ ቀይሩ።
4. ብሬከሩን እንደገና አጥፉ። የአርቪውን ገመድ መከላከያው ላይ ሰኩ። እስኪጠብቅ ግፉት። ብሬከሩን አብሩ።
5. መከላከያው ኤሌክትሪኩን ለመልቀቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ተበላሸ ብላችሁ አትነቅንቁት።
6. ኤሲውን ክፈቱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታችሁ የገመዱን ራስ በእጃችሁ ንኩት። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል፤ አጥፉትና ቦታ ቀይሩ።

ወደ ጎን የሚወጣ ክፍል ያለው አርቪ ከሆነ ክፍሉን ከማውጣታችሁም ከመመለሳችሁም በፊት ውሻው በገመድ ደጅ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ገብቶ መጨፍለቅ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የ30 አምፔር ሒሳብ፣ ከነጀበናው

አንድ የጣሪያ ኤሲ 14 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በመብራት የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ 12 ገደማ ነው። 1,200 ዋት የሆነች የቡና ምድጃ 10 ትወስዳለች። ድምሩ 36። ብሬከሩ ይጥላል።

ይኼ በእኛ ቤተሰብ ጉዞ ላይ የማይቀር ትዕይንት ነው። ከሰዓት ቡና ይቀርባል፣ ምድጃዋ ትሰካለች፣ ኤሲው ድምፁን ያጠፋል። ሁሉም ደጅ ታዛው ሥር ስኒ ይዞ ስለተቀመጠ ማንም አይሰማም። ውሻው ግን ውስጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቡናውን በጋዝ ምድጃ፣ ደጅ፣ ቁሉና አፍሉ። ጭሱም አርቪ ውስጥ ከሆነ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ቀይሩ። ኤሲው በበራ ሰዓት ከማይክሮዌቭ፣ ከፀጉር ማድረቂያና ከምድጃ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለቱን አብራችሁ አትክፈቱ።

ደረጃ 7፦ ውሻውን ብቻውን ከመተዋችሁ በፊት ፈትኑ

1. የሙቀት መቆጣጠሪያውን ውሻው በሚተኛበት ከፍታ አስቀምጡ። ኤሲው አፍ ሥር አታድርጉት፤ ይዋሻል።
2. ማስጠንቀቂያውን 80 ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) ላይ አድርጉ። መብራት ሲጠፋም መልእክት እንዲልክ ክፈቱለት።
3. ገመዱን ራሳችሁ ንቀሉና መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርሳችሁ እዩ። ይህን ሳትሞክሩ አትውጡ።
4. መጋረጃውን ሁሉ ዝጉ። የጣሪያውን መስኮት በአንጸባራቂ ጋርዱ።
5. ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ባለው ጊዜ ቮልቱን አንብቡ። ካምፑ ሁሉ ኤሲ የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ያኔ ከ110 በታች ከወረደ ውሻውን ትታችሁ የትም አትሂዱ።
6. ደጅ ቁጭ ብላችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የሚጮህ ከሆነ ወይም በር የሚቧጭር ከሆነ ለዚህ ጉዞ አልተዘጋጀም። ይዛችሁት ውጡ።
7. በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ "ውሻ አለ። ኤሲው ከቆመ በዚህ ስልክ ደውሉ።" በእንግሊዝኛ ጻፉት። ለጎረቤትም ንገሩ።

ፈተናው ካለፈም ከ15 ደቂቃ መንገድ በላይ አትራቁ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

*ኤሲው ቆመ፣ መከላከያው ዝቅተኛ ቮልት ያሳያል።* ኢኤምኤስ ከ104 ቮልት በታች ሲሆን ኤሲው እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ሥራውን ነው የሠራው። መከላከያውን አልፋችሁ በቀጥታ አትሰኩ። ጀነሬተር አስነሱ ወይም ውሻውን መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍታችሁ አብራችሁት ቁጭ በሉ፤ ከዚያ ቢሮ ደውሉ።

*ብሬከሩ ጣለ።* ኤሲውን ከውስጥ አጥፉ። ብሬከሩን መልሱ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ኤሲውን ክፈቱ። ወዲያው ከከፈታችሁት ኮምፕረሰሩ ግፊት ላይ ስለሆነ እንደገና ይጥላል።

*ኤሲው ይሠራል፣ አየር ግን አያወጣም።* በረዶ ሠርቷል። በወበቅ አገር የተለመደ ነው። ማቀዝቀዣውን አጥፉና ማራገቢያውን ብቻ ከፍተኛ ላይ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አስኪዱት። ማጣሪያውን አውጥታችሁ እጠቡ፤ የውሻ ፀጉር ይደፍነዋል። ከዚያ 72 ፋራናይት (22 ሴልሺየስ) ላይ አድርጉ። ወደ 65 ማውረድ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ በረዶውን ነው የሚመልሰው።

*ኤሲው ይሠራል፣ ክፍሉ ግን 84 ላይ ቀርቷል።* የአርቪ ኤሲ የሚስበውን አየር በ20 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው የሚያቀዘቅዘው። ፀሐይ የሚመታው አርቪ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጠዋት ሳይሞቅ ክፈቱት። ታዛውን ዘርጉ። ካልሆነ ጥላ ያለበት ቦታ ጠይቁ።

ሙቀት ሲመታው

ምልክቱ፦ ማለክለኩ አይቆምም፣ ለሀጩ ይወፍራል፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል። ጤነኛ ውሻ ከ101 እስከ 102.5 ፋራናይት (38.3 እስከ 39.2 ሴልሺየስ) ነው። ከ104 (40) በላይ ከሆነ አደጋ ነው።

1. ወደ ጥላ ወይም ወደ ኤሲ አውጡት።
2. ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ። ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን አትርሱ። በረዶ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።
3. አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አታልብሱት፤ ሙቀቱን ያፍነዋል።
4. ነቅቶ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ውሃ ስጡት። በግድ አታጠጡት።
5. በየሁለት ደቂቃው ለኩ። 103.5 (39.7) ሲደርስ ውሃውን አቁሙ። ከዚያ በላይ ከቀጠላችሁ ከልክ በላይ ይወርዳል።
6. ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ቢነሳና ጭራውን ቢቆላም ሂዱ። የውስጥ ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው።

አቀዝቅዛችሁ ሂዱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

ደረጃ 8፦ ባሕሩ ላይ

በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ከ9 ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውጡ። አሸዋው ላይ የእጃችሁን ጀርባ ሰባት ሰከንድ አስቀምጡ። ካልቻላችሁ መዳፉም አይችልም።

ባንዲራውን እዩ። ቀይ አደገኛ ማዕበል ነው። ሁለት ቀይ ውሃው ተዘግቷል ማለት ነው። ሐምራዊ ደግሞ ጄሊፊሽና መሰሎቹ አሉ ማለት ነው። ሐምራዊ ካለ ውሻው ዳር ላይ የወደቀ ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ ነገር እንዳያሸት ጠብቁ። ማን ኦ ዎር ይባላል፤ ሞቶም ይናደፋል።

በየ15 ደቂቃው ከውሃው አውጡትና ንጹሕ ውሃ ስጡት። ኳስ እየያዘ የሚመለስ ውሻ በእያንዳንዱ ጊዜ ጨው ውሃ ይውጣል። ትንሹ ተቅማጥ ያመጣል። ብዙው መንገዳገድና መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ያ ሲመጣ ቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

የሞተ ዓሣ አታስበሉት። በፍሎሪዳ ዳርቻ ሬድ ታይድ የሚባለው መርዛማ አልጌ ሲነሳ ዓሣው በብዛት ይወጣል፤ ያን ቀን አሸዋው ላይ ጨርሶ አትውጡ። ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጆሮውን አድርቁ፣ በጣቶቹ መሃል ችጎጎት የመሰለ እሾህ ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ምግባችን

ዶሮ ወጥ ለውሻ መርዝ ነው። ማጋነን አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሉን ይሰብራሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ክትፎ ቆሽቱን ያስቆጣል። ሊጥ ከበላ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል። ዘቢብም አይሆንም።

ለልጆችና ለእንግዳ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አክስቶች በተለይ ማጉረስ ይወዳሉ። እትዬን መከልከል ከከበዳችሁ ውሻው በምግብ ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ይሁን። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ለማይመቻቸው ታላላቆችም ይኼው ያስማማል።

የማይሆን ነገር ከዋጠ የእንስሳት መርዝ ማዕከል ስልክ 888-426-4435 ነው። ሊያስከፍል ይችላል። ሳይነግሯችሁ አታስመልሱት።

ደረጃ 10፦ ሲመሽ

አሊጌተር ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሐይቅ፣ ኩሬ፣ የቦይ ዳር፣ ሁሉም ላይ ሊኖር ይችላል። ውሻውን ከጨው አልባ ውሃ ዳር አርቁ፤ ቀንም ቢሆን። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ አያልሰው፤ እሱም የሚመርዝ አልጌ ሊሆን ይችላል።

በመካከለኛውና በደቡብ ፍሎሪዳ፣ በቴክሳስም ደቡብ ጫፍ፣ መርዛማ ትልልቅ ጉርጦች አሉ። ዝናብ ሲዘንብ ምሽት ላይ ይወጣሉ። ውሻው አንዱን ከነከሰ አንገቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ድዱንና ምላሱን ደጋግማችሁ ጥረጉ። ውሃ ወደ ጉሮሮው አትልቀቁ፤ መርዙን ያስውጠዋል። ከዚያ ሩጡ።

የአፈር ቁልል ላይ አታቁሙት። ፋየር አንት የሚባሉት ቀያይ ጉንዳኖች ቤት ነው። ከወረሩት በደረቅ ጨርቅ አራግፉ። ፊቱ ካበጠ ሐኪም ጋ። እባብ ከነደፈው አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ ቦታውን በጨርቅ አትሰሩት፤ ተሸክማችሁት ሂዱ።

የሰው የትንኝ መከላከያ አትቀቡት። ይልሰዋል።

ደረጃ 11፦ አውሎ ነፋስ ከተነገረ

የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። "ዋች" ሲባል ኃይለኛው ንፋስ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። "ዋርኒንግ" ሲባል 36 ሰዓት ገደማ ቀርቷል። ዋች በተባለበት ቀን ውጡ። ዋርኒንግ ስትጠብቁ መንገዱ ይዘጋጋል፤ አርቪ ደግሞ በንፋስ ውስጥ የሚነዳ ነገር አይደለም። ነዳጁን ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ያዙ። ውሻ የሚቀበል ሆቴል ወደ መሃል አገር አንድ ሁለቱን አስቀድማችሁ ጻፉ።

ደረጃ 12፦ ስትመለሱ

ኤሲውን መጨረሻ ላይ አጥፉ። ዕቃው ሁሉ ይጫን፣ ፍሳሹ ይፍሰስ፣ ውሻው ወደ ቀዝቃዛ መኪና ይግባ፤ ከዚያ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው።

ቤት ስትገቡ መዥገር ፈልጉ፤ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ በጣቶች መሃል። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

የልብ ትል መከላከያውን "ተመለስን እኮ" ብላችሁ አታቋርጡ። በወር አንዴ የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው ወደ ኋላ ነው፤ ባለፈው ወር በትንኝ የገባውን እጭ ነው የሚገድለው። ስለዚህ የገልፉን ትንኝ የሚያጸዳው ቤት ከገባችሁ በኋላ የምትሰጡት ክኒን ነው። ትሉ በምርመራ የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ስለሆነ፣ የአንድ ወር ክኒን ካመለጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩና መቼ እንደሚመረመር ቀን አስይዙ።